ጥሪ፣ መርዶ፣ ፈተና፦ የተማሪ አእምሮ በክፉ ጊዜ

በ2012 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የነበረ አንድ ልጅ አስቡ። ሰሜን ወሎ ያደገ ነው እንበል። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ትግራይ ላይ ጦርነት ተነሳ። ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ እነሱም ቤት ደረሰ። ቤተሰቡ የያዘውን ይዞ ወጣ። ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረም። 12ኛ ክፍልን የተፈተነው በ2015 ነው፣ ከቤቱ ርቆ በማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በማያውቀው ዶርም አድሮ። ውጤቱ በ2016 መባቻ ሲወጣ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ውጊያ ተጀምሯል።

ይህ ልጅ በሪሚዲያል (ውጤት ላልሞላላቸው በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) አልፎ ዛሬ ግቢ ውስጥ አለ እንበል። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ክፍል ገብቶ መምህሩ የሚለው አይገባውም። ምሳ ላይ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል። ለጓደኛው «የሆነ ነገር ሆኛለሁ» ሲለው «ባክህ አታካብድ፣ ሁላችንም እኮ እንደዛው ነን» የሚል መልስ ያገኛል። ጓደኛው አልዋሸም። ሁሉም እንደዛው ናቸው።

ስለ ተማሪ የአእምሮ ጤና ስናወራ ነገሩን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምናስቀምጠው። ወይ «በርታ» ነው፣ ወይ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በርታ የተባለው ዝም ይላል። አማኑኤል የሚለውን ስም የሰማው ደግሞ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ስሙ በየሰፈሩ መሰዳደቢያ ሆኖ ኖሯል። አብዛኛው ተማሪ ግን ያለው ከሁለቱም አይደለም። ክፍል ይገባል፣ ይፈተናል፣ ከሰው ጋር ይስቃል፣ ውስጡ ግን እየተበላ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። የሚበላው ነገር ደግሞ በአብዛኛው ከኑሮው የመጣ ስለሆነ፣ መፍትሔውም ግማሹ በራሱና በጓደኞቹ እጅ፣ ግማሹ ቢሮ ውስጥ ይገኛል ባይ ነኝ።

ሕመም ነው ወይስ ኑሮ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተማሪዎች ጭንቀት የተሠሩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ራስህን ያምሃል? እንቅልፍ ያስቸግርሃል? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ምግብ ያስጠላሃል? በቀላሉ ይደክምሃል? ውጤቱ ከግቢ ግቢ ይለያያል። ተሰባስቦ ሲታይ ግን ከሦስት ተማሪ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ካለባቸው ወገን ይመደባል።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን በጥንቃቄ ይነበብ። መጠይቁ በሽታ አይለይም፣ ያጣራል እንጂ። የፈተና ሳምንት ላይ ያለ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ፣ ቤቱ ተኩስ አለ የተባለ ልጅ ለግማሹ ጥያቄ «አዎ» ቢል የሚገርም ነገር የለውም። የሚገርመው «አይደለም» ቢል ነው። ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ «ትውልዱ ታሟል» ማለት ስሕተት ነው። «እንግዲያው ምንም አይደለም» ማለትም ያው ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚለው እነዚህን ልጆች አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ይያቸው ነው።

ሐኪም ቀረብ ብሎ ሲያይ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ጊዜ ነው። ሐዘኑ ወይም ባዶነቱ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድብርት ይጠረጠራል። ሌላው ሥራ ነው። ልጁ ክፍል ይገባል? ይታጠባል? ይበላል? ሦስተኛው ደስታ ነው። ያዘነ ሰው እንኳ የሚወደው ነገር ሲመጣ ለአፍታ ብርት ይላል። አርሰናል ተጫወተ አልተጫወተ ግድ ያጣ የአርሰናል ደጋፊ ካያችሁ ግን ነገሩ ከሐዘን አልፏል። ቤቱ ለተቃጠለበት ልጅ ማልቀስ በሽታ አይደለም። ካለቀሰ በኋላ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው፣ ሳምንትም ሲያልፍ ሳምንትም ሲደገም፣ ያኔ ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። የእኛ አገር ጭንቀት ሲነገር በሰውነት በኩል ነው የሚመጣው። የተማሪዎች ክሊኒክ የሚሄድ ልጅ «ጨንቆኛል» አይልም። «ጨጓራዬን» ይላል። ወይም ራሴን፣ ወይም ደረቴን። የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይመለሳል፣ በሳምንቱ እንደገና ይሄዳል። በእርግጥ የካፌው ምግብም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ነበር፣ ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በ2017 ነው፣ ያውም ብሩ ከዶላር አንጻር ግማሽ ያህሉን ካጣ በኋላ። ጨጓራው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስቴ የተመላለሰን ልጅ «እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ቤተሰብስ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። የክሊኒኩ ባለሙያ ካልጠየቀ ልጁ ራሱ ቢናገር ይመረጣል። «ሆዴን ያመኛል፣ እንቅልፍም ካጣሁ ቆየሁ» ማለት ይበቃል። ቀሪውን እነሱ ያውቁታል።

ጥሪ

ከጦርነቱም፣ ከኑሮ ውድነቱም በላይ ተማሪን የሚሰባብረው መጠበቅ ይመስለኛል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የመቀሌ፣ የአዲግራት፣ የአክሱምና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ዓመት አልፎ ዓመት ቆጠሩ። በ2016 ደግሞ አማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተመደቡ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው ለወራት ጥሪ ጠበቁ።

ጥሪ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገረው። ልጁ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ስልኩን ያነሳል። የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። ምንም የለም። ፌስቡክ ይገባል። አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞራል፣ «ከ15 እስከ 17 ሪፖርት አድርጉ» ይላል። ልቡ ይመታል። ለአምስት ሰው ይልካል። ከሰዓት በኋላ ሐሰተኛ ነው ይባላል። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው፣ ግማሹ ተጠቅልሏል። እናቱ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታለት ነበር። ሳምንት ሲያልፍ ዳቦ ቆሎው ለቡና ቁርስ ቀረበ። በሶውን ታናናሾቹ በጠበጡት። ጥሪ መጣ ሲባል እንደገና ገብስ ትቆላለች። ውጭ ሲወጣ ጎረቤት ያገኘዋል። «አንተ፣ እስካሁን አልሄድክም እንዴ?»

ሰውነታችን ለአደጋ የተዘጋጀ ነው። አደጋ ሲጠብቅ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሳሳል። ይህ ለአንድ ሌሊት ደግ ነው፣ ሕይወት ያተርፋል። ለአምስት ወር ሲሆን ግን ሰውየውን ራሱን ይጨርሰዋል። ክፉ ዜና ቁርጡ የታወቀ ከሆነ ሰው ያለቅስና ይለምደዋል። ዛሬ ይሁን ነገ የማይታወቅ ነገር ግን አይለመድም። ልጁ በየቀኑ ይዘጋጃል፣ በየቀኑ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው። ቻናሉን በቀን አንዴ ብቻ ማየት፣ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ፣ እሱም የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ገጽ ብቻ። እውነተኛ ጥሪ ከመጣ አብሮት የተመደበው ባች በሙሉ ስለሚደዋወል ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሰማ ልጅ አይቀርበትም። የመነሻ ሰዓትን አለመቀየር። የሚተኙበት ሰዓት ቢበላሽ እንኳ የሚነሱበት ሰዓት ከተያዘ እንቅልፍ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከቤት የሚያስወጣ ነገር መያዝ፦ የሰፈር ልጆችን ማስጠናት፣ የአጎትን ሱቅ መጠበቅ፣ ማሳ መውረድ። ገንዘቡ ሳይሆን «ዛሬ ምን ሠራህ?» ሲባል የሚመለስ ነገር መኖሩ ነው ጥቅሙ።

ግን ደግሞ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «ይህን ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ቋንቋ ተማሩ፣ ኮዲንግ ተማሩ» የሚለውን ምክር አልወደውም። በኮሮና ጊዜ ተጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ሌሊት ተኩስ ሰምቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ካልኩለስ ባይከፍት ሰነፍ አይደለም። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ከተማ ደግሞ ኮዲንግ በምኑ ይማራል? በክፉ ጊዜ ሳይፈርሱ መቆየት ራሱ ሥራ ነው። ለዚያ ቀን አንድ ገጽ ካነበበ አነበበ፣ ካላነበበም አላነበበም።

መርዶ

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

በእኛ ባህል መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ሳይዘጋጅ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው ነው፣ ጥሩ ሥርዓት ነው። ለተማሪ ግን አንድ ተጨማሪ ደንብ አለ፦ ፈተና እስኪጨርስ አይነገረው። አያት ትሞታለች፣ አይነገረውም። አባት ይሞታል፣ አይነገረውም። ልጁ ክረምት ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች እናቱን ያያል። አባቱ የተቀበረው ጥር ላይ ነው። አርባው ወጥቷል።

ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ማንም አይክደውም። ነገር ግን ይህን አንዴ ያየ ተማሪ፣ ወይም ዶርም ጓደኛው ላይ ሲደርስ ያየ፣ ከዚያ በኋላ «ደህና ነን» የሚለውን አያምንም። ስልኩ እንዲህ ይሆናል፦

«አባዬስ?»
«ወጣ ብሏል።»
«ትናንትም ወጣ ብሏል ብላችሁኛል።»
«ኧረ ደህና ነው ልጄ፣ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን ተማሪ።»

አባትየው በእርግጥም ወጣ ብሎ ይሆናል። ልጅቷ ግን ስልኩን ዘግታ አታጠናም። የእናቷን ድምፅ ትመረምራለች። ማን አጠገቧ ነበር? ለምን ቶሎ ዘጋችው? በሰላም ጊዜ ይህ የአንድ ቀን ጭንቀት ነው። ጦርነት ባለበት አካባቢ ቤተሰብ ላለው ተማሪ ግን የየቀኑ ሥራ ይሆናል። ስልክ ጨርሶ ሲቋረጥ ደግሞ ምርመራውም አይቻልም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ሌላ ክልል ይማሩ ከነበሩ የትግራይ ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ የእናታቸውን ድምፅ ያልሰሙ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ያን ዓመት ምድብ ሥራ ያስገቡ ነበር፣ ፕረዘንቴሽን ያቀርቡ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው የክፍል ጓደኛቸው ያውቅ ነበር ወይ?

ልጅቷም በበኩሏ ትዋሻለች። ታማለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች። ብር ጨርሳለች፣ «አለኝ» ትላለች። ውጤቷ ዝቅ ብሎ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ወጥቶባታል፣ «ትምህርት አሪፍ ነው» ትላለች። ሁለቱም ወገን ሌላውን ላለማስጨነቅ ይዋሻል፣ ሁለቱም መዋሸቱን ያውቃል፣ ስለዚህ ሁለቱም ይጨነቃል።

ለዚህ አንድ የሚሠራ መላ አለ። ግቢ ከመግባት በፊት ከቤተሰቡ መሃል አንድ እውነት ነጋሪ መምረጥ። እናት ባትሆን ይሻላል፣ እናት አትችልም። አክስት፣ ታላቅ ወንድም፣ የአጎት ልጅ። ቃል የሚገባው ይህ ሰው ነው፦ «ከባድ ነገር ከተፈጠረ፣ ፈተናም ቢሆን፣ እኔ ራሴ እነግርሃለሁ። እኔ ካልነገርኩህ ምንም የለም ማለት ነው።» ለልጁ ትልቁ ጥቅም ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። የዚያ ሰው ዝምታ ሰላም መሆኑን ካወቀ ይተኛል። ልጁም በተራው ለዚያው ሰው እውነቱን ይናገራል። ሁሉንም ለሁሉም ማውራት አያስፈልግም፣ አንድ ሰው ይበቃል።

መርዶው ራሱ ግቢ ውስጥ ሲነገር ደግሞ ተማሪዎች የሚያደርጉትን ማየት ያስደንቃል። ማንም አላስተማራቸውም። የአገር ልጆች ይሰበሰባሉ። ፍራሽ ከአልጋ ወርዶ መሬት ላይ ይነጠፋል። አንዱ ቡና ያፈላል፣ አንዱ ዳቦ ይገዛል፣ አንዷ መምህሩ ቢሮ ሄዳ «ዛሬ አይመጣም፣ ሐዘን ደርሶበት ነው» ትላለች። ሌሊት ብቻውን አያስተኙትም። ባለሙያዎች የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ብለው የሚያስተምሩት ይኸው ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ማገናኘት። የምንሳሳተው አንድ ነገር ቢኖር «በቃ አታልቅስ፣ አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ» ማለታችን ነው። ያልቅስ። ማውራት ከፈለገ ያውራ፣ ካልፈለገ አይገደድ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እንደገና ጠይቁት፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ላይብረሪው ተመልሶ እሱ ብቻውን ቀርቷልና።

ስለ ዶርም ካነሳን አይቀር፣ ብሔር እየተቆጠረ ጥል የተነሳባቸውን ጊዜያትም አንርሳ። በ2012 ኅዳር ገደማ ከወልድያ ተነስቶ በየግቢው በተዛመተው ግጭት ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ቤቱ ገብቷል። በር ቆልፎ፣ አልጋ በር ላይ ገፍቶ ያደረ ልጅ ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ሰው ሲሰማ ይባንናል። ይህ ፈሪነት አይደለም። ከወራት በኋላም ካልለቀቀው ግን ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ፈተና

12ኛ ክፍል ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነበሩ። በ2015 መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ለዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተናም ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው፤ የግል ተቋማትን ብቻ ብንወስድ 17 በመቶ አካባቢ። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፣ አጤሬራ ይዞ የተመረቀ ሐኪም እንዲያክመኝም አልፈልግም። ግን ከመቶ ልጅ 97ቱ ሲወድቅ ጥያቄው ስለ ልጁ ጉብዝና መሆኑ ያበቃል። ስለ መምህሩ፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ተዘጉት ወራት ይሆናል። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ልጆችም ነበሩ።

ይህ ሒሳብ ግን ቤት ውስጥ አይሠራም። ቤት ውስጥ ያለው የጎረቤት ልጅ ነው። «የእነ እንትና ልጅ አለፈች አሉ።» ውጤት የሚወጣው ደግሞ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ ድረ ገጹ ይጨናነቃል፣ ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ቁጥሩን ብቻውን ያየዋል። ለወላጆች የምለው ይህ ነው፦ ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ልጁን ብቻውን አትተዉት። ስለ ቀጣዩ ዕቅድ ያን ዕለት አታውሩ። ምግብ አቅርቡለት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ቴክኒክና ሙያም፣ የግል ተቋምም፣ ድጋሚ መፈተንም ሳምንት ቆይቶ ይነሳል።

ምክንያቱም አንዳንድ ልጅ በእነዚያ ቀናት ራሱን ስለማጥፋት ያስባል። በዓለም ደረጃ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ስሙም አይነሳም። «ባልፈጠር በተሻለኝ»፣ «ከእኔ በተገላገላችሁ» የሚል ንግግር፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው መስጠት፣ ድንገት የስንብት ዓይነት መልእክት መላክ ሲታይ ቁም ነገር ነው ብላችሁ ያዙት። በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ስለ መግደል እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። አብዛኛው ልጅ ሲጠየቅ ይቀልለዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን እንዳይሆን አድርጉ፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ አቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ምስጢር ጠብቅልኝ ቢል እንኳ ይህ ምስጢር አይጠበቅም።

ሌሊቱ

ስለ ጫት በአጭሩ። ፈተና ሲደርስ ጫት ይዞ የሚያድር ብዙ ነው። ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር ይገባል፣ ሦስት ቻፕተር ያልቃል፣ ዓለምም ትስተካከላለች። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ (ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ) ይመጣል። ሲነጋ ድብርቱ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ፣ ማለትም ቅዠቱ። ያጠናነው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው፣ እሱን ደግሞ ሸጠነዋል። ቀድሞም የተጨነቀ ወይም የተደበተ ሰው ከሆነ ጫቱ ጭንቀቱን ያባብሰዋል፤ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፈጽሞ ቢርቀው ይሻለዋል። ለስድስት ሰዓት ያህል የተኛ ልጅ በሁለት ቻፕተር፣ ሳይተኛ አራት ቻፕተር ከሸመደደው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል።

ስልኩም አለ። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የጦርነት ቪዲዮ እያዩ ማደር መረጃ ማግኘት አይደለም። ቪዲዮው የየት አገር፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። የአገር ቤት ሁኔታ ካሳሰበን ቀን ላይ እውነት ነጋሪያችንን እንደውል።

ጸበሉም፣ ኪኒኑም

ግቢ ውስጥ የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የፕሮቴስታንቱ ፌሎ፣ የሙስሊሙ ጀመዓ ለብዙ ተማሪ ሁለተኛ ቤት ነው። ፍሬሽ ሆኖ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ጓደኞቹን የሚያገኘው እዚያ ነው። ከክፍል ቢቀር ማንም አይፈልገውም፣ ከመዝሙር ጥናት ቢቀር ግን ዶርሙ ድረስ ይመጡለታል። ይህን የሚያህል ጥበቃ የትኛውም የምክር አገልግሎት ቢሮ መስጠት አይችልም። ችግር የሚመጣው «እምነትህ ቢጠነክር አትጨነቅም ነበር» ሲባል፣ ወይም ጸበል የገባ ልጅ ኪኒኑን ጣል ሲባል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስኬዱ አባቶችም፣ ሐኪሞችም አሉ። ኪኒን ለማቆም የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ስለ ኪኒኑ ራሱ ተማሪ የማይነገረው አንድ ነገር አለ። የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጥ ለማየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ የማይመቹ ነገሮቹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። መድኃኒት የማያስፈልገውም ብዙ ነው፤ ከሠለጠነ ሰው ጋር ለጥቂት ጊዜ መነጋገር የሚበቃው።

የት ይኬዳል? ድሮ መልሱ አማኑኤል ብቻ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ቅዱስ ጳውሎስና ኤካ ኮተቤ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭም እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ሆስፒታል ውስጥ ክፍሉ አላቸው። ሆስፒታሉ የሚያስተምርበት ግቢ ውስጥ እየኖረ ክፍሉ መኖሩን የማያውቅ ተማሪ ግን ሞልቷል። ከተማሪዎች ክሊኒክ ሪፈር አጽፎ መሄድ ይቻላል። ብቻውን መሄድ ከከበደው አንድ ጓደኛ ይዞ ይሂድ፣ ወረፋው ረጅም ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረው የሬጅስትራር ጉዳይ ነው፣ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚያ ነውና። ተማሪ ሲብስበት ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ይሳፈራል። ፈተና አይቀመጥም፣ ኤፍ ይደረደርበታል፣ ሲሻለው ተመልሶ ሲመጣ ዲስሚስ ሆኗል፣ ከትምህርት ተሰናብቷል። ተመሳሳይ ሕመም ይዞ ከመሄዱ በፊት የዊዝድሮዋል (ትምህርትን በፈቃድ የማቋረጫ) ቅጽ የሞላው ጓደኛው ግን በዓመቱ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። የሁለቱ ልዩነት ሕመሙ አይደለም። አንዱ ቅጹን ያውቃል፣ አንዱ አያውቅም። የሐኪም ማስረጃ፣ የአማካሪ መምህር ፊርማ፣ የዲፓርትመንት ፊርማ፣ ክሊራንስ (ከግቢው ንብረት ነጻ የመሆን ማረጋገጫ) ይጠየቃል፣ የጊዜ ገደብም አለው። ለተጨነቀ ሰው አራት ቢሮ መዞር ተራራ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ የሚዞርለት የዶርም ጓደኛ ያስፈልገዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የፈተና ፕሮግራምን በየግድግዳው ይለጥፋሉ። ዊዝድሮዋል እንዴት እንደሚሞላ፣ እስከ መቼ እንደሚቻል፣ ማን እንደሚፈርም የሚገልጽ አንድ ገጽ የተማሪዎች ክሊኒክ በር ላይ ቢለጥፉ የሚያስወጣቸው አንድ ወረቀትና ትንሽ ፕላስተር ነው።